የተሰማ ኮትና ባለ ሁለት ዓይኗ ካሜራዬ

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት የሚያወራችሁ ሰው ማን እንደሆነ ብታውቁ ጥሩ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ፣ የኛ ሰው ሊያገባ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀኑ ለቄሱ ይመች እንደሆነ አይደለም፤ ለኔ ይመች እንደሆነ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራ ቢሆን ኖሮ እኔ ጉንፋን ስለያዘኝ ብቻ ስለተዛወረው ሠርግም እነግራችሁ ነበር። ያነሳኋቸው ሙሽሮች ሁሉ እስከ ዛሬ አብረው ናቸው፤ የተለያዩ ካሉም ፎቶው ላይ አያስታውቁም።

ፎቶግራፍ ያስተማረኝ ሰው የለም። አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አጠገብ፣ የአንድ ፎቶ ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ባለቤቱ ምሳ ሲሄድ ፊልም የሚታጠብበትን ጨለማ ክፍል የምጠብቀው እኔ ነኝ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚጠበቅ ነገር ስለማይታይ ሰው ሥራ ይፈታል። ሥራ ስፈታ ጊዜ የተጣለ ወረቀትና የተረፈ መድኃኒት እየቀላቀልኩ በራሴ ተማርኩ። መጀመሪያ ያጠብኩት ፎቶ የገዛ አውራ ጣቴ ነበር፤ ነገር ግን ጥርት ያለ አውራ ጣት ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ባለቤቱ ልጁን ሲድር ከፎቶ አንሺዎቹ ሁሉ መርጦ ያቆመው እኔን ነው። ፎቶ አንሺዎቹ እስከ ዛሬ፣ ያን ዕለት ታመን ነበር እንጂ ይላሉ። ይበሉ።

አሁን ስለ ዕቃዎቼ። ካሜራዬ ባለ ሁለት ዓይን ናት፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። በላይኛው እኔ አያለሁ፣ በታችኛው እሷ ታነሳለች። የዛሬ ልጆች እንደሚይዙት ፊት ላይ አትለጠፍም፤ ሆድ ላይ ትያዝና አንገትን ደፍቶ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታየው። በዚህ ምክንያት ኦክላንድ እንደመጣሁ ሰው ሁሉ ትሑት መሰልኩት። አንዲት እናት ሙሽራ ፊት ቀና የማይል እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው ብለው መርቀውኛል። ምርቃቱን አልመለስኩም።

ፍላሼ ባትሪው ከትከሻ የሚንጠለጠል ነው፤ ሲበራ የሩቅ ዘመድ ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል። ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ የገዛሁት ሳን ሆዜ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ነው፤ አንድ እግሩ ስለሚያጥር የፊልም ቆርቆሮ ክዳን አነጥፍለታለሁ። ከሁሉም የምወደው ግን አንድ ረጅም ቀጭን የጎማ ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ ሎሚ የምታህል ፊኛ አለችው። ፊኛዋን ጨመቅ ሲያደርጓት አየሩ በቱቦው ሄዶ ካሜራዋን ይጫናታል። ክፍሉ ማዶ ተቀምጬ፣ እግሬን አጣጥፌ፣ ማንም ሳያውቅብኝ ሰው አነሳበት ነበር። ሌላ ፎቶ አንሺ እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳለው አልሰማሁም፤ ቢኖረውም አልነገረኝም።

አንድ ሕግም ነበረኝ። በዚች ካሜራ ላይ ከኔ ጣት ሌላ ጣት አያርፍም። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቅ ሲመጣም እነግረዋለሁ። ሕጉ አንድ ጉዳት ብቻ ነበረው፤ የሰው ሁሉ ፎቶ በቤቴ ሞልቶ የኔ ፎቶ የለም።

እንግዲህ ተሰማ የሚባል ወዳጅ አለኝ። አራት ኪሎ ፎቶ ቤቱ አጠገብ የነበረ ልብስ ሰፊ ነው። በዚያን ጊዜ ፎቶ የሚፈልግ ሁሉ ኮት አልነበረውም። ተሰማ ከነክራባቱ አንድ ጥቁር ኮት ሰፍቶ ፎቶ ቤቱ ሚስማር ላይ ሰቀለልን። ጠበቃም አናጢም የታየው በዚያ ኮት ነው። ከፊት ሲታይ ለሁሉም ልኩ ነበር፤ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ነው የምንይዘው። አዲስ አበባ ውስጥ በዚያ ኮት ያልተከበረ ሰው ጥቂት ነው።

የተሰማ ልጅ ሰላማዊት በሱዳን በኩል ኦክላንድ ገባች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ አርፈዋል። ሳኒቬል ከተማ የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ዳንኤል የሚባል ጨዋ ልጅ አገኘችና ሊጋቡ ሆነ። አባትየው ለመምጣት ጠየቀ፤ መንግሥት የመውጫ ቪዛ አልፈቀደለትም። ከዚያ በስልክ አስጠራኝ። መስመሩ እንደ ወንፊት ነበር፤ ቢሆንም የሚፈልገውን ሁሉ ሰማሁ።

«እኔን ሆነህ ዳርልኝ» አለኝ።

እድራለሁ አልኩት። ፎቶውንም ራሴ አነሳለሁ፣ እንዴት ያለ ፎቶ እንደማነሳ ታውቃለህ አልኩት።

«አንተማ ታነሳለህ። እኔ የምፈልገው ጉልበት ሲስሙ ነው። አንተም ፎቶው ውስጥ ግባ። ወንበሬ ላይ ማን እንደተቀመጠ ልይ።»

ሌላ ምንም አልጠየቀም። በወሩ አንዲት መንገደኛ ኮት ይዛልኝ መጣች። ተሰማ ራሱ የሰፋው ጥቁር ኮት ነው። ልጅቱን ስትድር ልበሰው፣ ግማሹ እኔ ነኝ ብሏል አለችኝ። የለካኝ በሐሳቡ ነው። በሐሳቡ ያለሁት እኔ ግን ያ ቀጭን ዘበኛ ነኝ። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ አካሌ እንደ ስሜ ገኗል። ትንፋሼን ስይዝ ኮቱ ይቆለፋል፤ ትንፋሽ ተይዞ ግን ሠርግ አይዋልም። ቁልፉን ትቼ ለበስኩት።

የሠርጉ ዕለት ከነዕቃዬ የጫነኝ ሰይድ ነው። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፣ ታክሲ ይነዳል፣ ወዳጄ ነው፤ ሥራው መንዳት ይሁን በኔ መቀለድ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱ እንዳለቀ ከነቄሱ ሌክ ሜሪት ወደሚባለው ሐይቅ ወረድን። እዚያ ያሉት ዝይዎች የሰላማዊትን ቬሎ ተከትለው መጡ። እውነቱን ልናገርና ከሙሽራው ይልቅ ዝይዎቹ ዝም ብለው ይቆሙልኝ ነበር፤ እኔም ዝም ብሎ የሚቆምልኝን ሰው ማሳዘን አልወድም። አነሳኋቸው። ደግሜም አነሳኋቸው። ፊልሜ ያለቀው በነሱ ነው የሚሉ አሉ።

ከዚያ ዕቃዬን ታክሲው ውስጥ አስገብቼ ሙሽሮቹን ለማሳፈር ስሄድ ከኋላዬ በሩ ድው አለ። ዞር ስል የቱቦዬ ጫፍ ከበሩ ውጭ ተንጠልጥሏል።

«ሰይድ፣ ምን አደረግህ?»

«በር ዘጋሁ።»

«ቱቦዬ ላይ ነው የዘጋኸው።»

«ወላሂ፣ ጭራ ያለው ካሜራ አይቼ አላውቅም» አለ።

ቱቦው መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። በፕላስተር ጠቀለልኩትና ፊኛዋን ጨመቅኩ። ቄሱ አጠገባችን ስለነበሩ ያወጣችውን ድምፅ እዚህ መጻፍ አልፈልግም። ቄሱም ሐይቁን ማየት ጀመሩ። ሰይድ ብቻ አዘንኩ እያለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በፍሪሞንት በኩል ሳን ሆዜ እስክንደርስ መኪና ተጨናንቆ ስለነበር የሚስቅበት ሰፊ ጊዜ አገኘ።

ሳን ሆዜ፣ ድግሱ ያለበት አዳራሽ ስንደርስ ቦርሳዬን ፈተሽኩ። ካሜራዋ ውስጥ ለአምስት ፎቶ የሚሆን ፊልም ብቻ ቀርቷል። እሑድ ስለሆነ በአካባቢው የፎቶ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ዘግቷል። ተሰማ የጠየቀኝ አንድ ነገር ደግሞ ገና አልተነሳም። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ የደነገጥኩት በውስጤ ነው፤ ከውጭ ያየኝ ሁሉ ጸጥታዬን አድንቋል።

አንድ ወንበር መሐል አስቀመጥኩ። ከጎንና ከጎኑ የሴት ልጅ ወገን ሆነው የመጡትን ሽማግሌዎችና እናቶች ደረደርኩ። ዳር ላይ እትዬ ዘነበች ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ክብር የሚያውቁ እናት ናቸው። ሰላማዊትና ዳንኤል ባዶው ወንበር ፊት ተንበረከኩ። ካሜራዬ ራሷን በራሷ የምታነሳበት አንድ ትንሽ ዘንግ አላት። ጎትተው ሲለቋት ዝዝዝ እያለች ትንሽ ትጠብቅና ቀጭ ትላለች። እቅዴ ቀላል ነበር። ዘንጓን ጎትቼ፣ እየሮጥኩ ሄጄ፣ ወንበሩ ላይ አባት ሆኜ መቀመጥ።

ሙሽራው እንደ ሳኒቬል ሰው መፍትሔ አመጣልኝ። «ጋሼ፣ ኖ ፕሮብለም፣ አንዱ ጓደኛዬ ፕሬስ ያድርግልዎት» አለ። ስለ ሕጌ ነገርኩት። ተመልሶ ተንበረከከ።

ዘንጓን ጎተትኩ። ሮጥኩ። ወንበሩ ጋ ስደርስ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር» ብሎ ብድግ አለ። ምን ያድርጉ፣ የሙሽራዋ አባት መጣ። የተንበረከኩት ሙሽሮችም ተነሱ። እኔም አፌ ለምዶ «በእግዜር» አልኩ። ካሜራዋ ቀጭ አለች።

በደንብ አስረዳኋቸው። አሁን የምመጣው እንደ አባት ሳይሆን እንደ ፎቶ አንሺ ነው፣ ማንም እንዳይነሳ አልኩ። ሁሉም እሺ አሉ። እትዬ ዘነበች ብቻ ጉልበታቸውን ያሻሉ። ዘንጓን ጎትቼ ሮጥኩ። ሁሉም ጥርሱን ነክሶ ተቀምጧል። ልቀመጥ ስል እትዬ ዘነበች የወንበራቸውን ክንድ ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ መነሳት ጀመሩ። ያን ጉልበት ይዘው እሳቸው ሲነሱ ማን ይቀመጣል? ሁሉም አፍሮ ተነሳ። ቀጭ።

«እትዬ ዘነበች፣ እባክዎን፣ ለፎቶ ነው» አልኳቸው።

«ሽማግሌ ሲመጣ ተቀምጬ የታየሁበት ፎቶ አዲስ አበባ ሊላክ ነው?» አሉኝ። «ይቅርብኝ። እርስዎ ሩጫውን ቢተዉት አይሻልም?»

ሩጫውን አልተውኩም። ይልቅስ አዲስ ዘዴ አመጣሁ። ሁሉም ከመጀመሪያው ይቁም አልኩ። የቆመ ሰው ከዚህ በላይ የሚነሳበት የለውም። በዘዴዬ ራሴም ተደነቅሁ። ዘንጓን ጎትቼ ሮጬ በሰላም ተቀመጥኩ። ቀና ስል ያ ሁሉ ሰው ከነሽበቱ ቆሞ ያየኛል። ስድሳ ዓመት ያደግሁበት አፍ ከኔ ፈቃድ አይጠይቅም። «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አልኩ። ታዛዦች ናቸው፤ ተቀመጡ። ቀጭ። ይህ ፎቶ ሲታጠብ አዳራሹ መሬት የተንቀጠቀጠበት ይመስል ነበር።

በዚህ መሐል የአዳራሹ ሠራተኛ፣ ፈረንጁ፣ መጥረጊያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። የሚያየው ሁለት ሙሽሮች ባዶ ወንበር ፊት አንገታቸውን ደፍተው ተንበርክከው፣ ሰውም በዙሪያው አንዴ ሲነሳ አንዴ ሲቀመጥ ነው። ቆቡን አወለቀ። ወደ ሰይድ ጠጋ ብሎ ማን ሞቶባቸው ነው ብሎ ጠየቀው። ሰይድም የሞተ የለም፣ አባቷ መምጣት ስላልቻለ ነው አለው። ሰውየው ቆቡን መልሶ አላደረገም።

ሰይድ ይህን መጥቶ ነገረኝ። ያኔ ነው ባዶውን ወንበር በደንብ ያየሁት። ሰላማዊት ቬሎዋ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ አንዴም ሳታማርር ወንበሩን እያየች ትጠብቃለች። ሳቄም ጉራዬም ጥቂት ጊዜ ጠፋኝ። ጥቂት ነው ያልኩት።

አራተኛውን ከንፈሬን ነክሼ ሞከርኩ። ሁሉም ተቀምጠዋል፤ እትዬ ዘነበችም በጎረቤታቸው ክንድ ተይዘዋል። ዘንጓን ጎትቼ ከበፊቱ ይልቅ ፈጠንኩ። ወንበሩ ላይ ወድቄ ስቀመጥ ከኮቱ ብብት ሥር ትርርር የሚል ድምፅ ወጣ። የተሰማ ስፌት ተተረተረ። ሰው ሁሉ ወደቀ ብሎም እንደሆን አባት መጣ ብሎም እንደሆን አላውቅም፣ ኖር እያለ ብድግ አለ። ሰላማዊት ግን ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። እኔን ወንበሩ ላይ እንዳየች ዝቅ ብላ ጉልበቴን ሳመች። እኔም ቀኝ እጄን ዘርግቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ ብብቴም ተከፍቶ፣ ለሰው ሁሉ «ተቀመጡ፣ በእግዜር» ስል ቀጭ።

አንድ ፎቶ ቀረ።

አሁን የምናገረውን በሕይወቴ እናገራለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰይድን ጠራሁት። ወደ ካሜራዋ አመለከትኩት። እሱም ነገሩ ገብቶት ከመምጣቱ በፊት ክራባቱን አስተካከለ።

«እጄን ልታጠብ ወይስ እንዲሁ ትፈቅዳለህ?»

«ሰይድ፣ ዝም ብለህ ተጫን።»

አንገቱን ደፍቶ አየ። በዚች ካሜራ ውስጥ ቀኙ በግራ፣ ግራው በቀኝ ነው የሚታየው፤ ያንን ለመልመድ እኔ ስንት ጊዜ ፈጅቶብኛል። እሱ ወደ ቀኝ ሊያዞራት ሲፈልግ ወደ ግራ እየሸሸችበት አንዴ እትዬ ዘነበችን፣ አንዴ የኬኩን ጠረጴዛ አገኘ። መጨረሻ ላይ እኛን አገኘን። እኔ ከመጀመሪያው ተቀምጬ ስለነበር የሚነሳም አልነበረም። ክንዴን አካሌ ላይ አጣብቄ ብብቴን ሸሸግሁ፤ ልብስ ሰፊ ነው የሚያየው።

ሰላማዊት ዝቅ አለች። ጉልበቴን ስትስም የኮቱን ጫፍ ይዛ ፊቷን አስጠጋችና ሳትነሳ ቆየች።

«ጠመኔው ይሸታል» አለች። «የአባዬ ጠመኔ።»

ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ የሚያሰምርበትን ጠመኔ ነው የምትለው። እኔ ኮቱን ሳምንት ሙሉ ስለብሰው ሳወልቀው አልሸተተኝም ነበር። ቀድሜ ያጠናሁት ረጅም ምርቃት ነበረኝ፤ ሰው ያለቅስበታል ብዬ ያዘጋጀሁት። ሁሉም ጠፋኝ። «ልጄ፣ አባትሽ እዚህ ነው» አልኳት። ሌላ አልወጣኝም። ሰይድ ተጫነ።

ፊልሙን ቤቴ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ አጠብኩት። የሰይድ ፎቶ እንከን የለውም። ይህን ለመጻፍ እጄ ሰንፏል፤ ግን እንከን የለውም። ፊቴ ጥርት ብሎ፣ ልጅቷ ጉልበቴ ላይ፣ ሁሉም ተቀምጦ። ትልቅ አድርጌ አሳትሜ አዲስ አበባ ለሚሄድ መንገደኛ አሽጋ እንድትሰጥ ለሰላማዊት ሰጠኋት። አራቱን የተበላሹ ለመሳቂያ ብላ ወስዳ ነበር። ፖስታው ውስጥ አንዱን እንደጨመረች አልነገረችኝም።

ተሰማ ደወለ። ፎቶው ደረሰኝ፣ ጥሩ ፎቶ ነው፣ ለመታወቂያ የምትነሳ ትመስላለህ አለኝ። ከዚያ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ግን ሌላውን ነው አለ።

«የቱን ሌላ?»

«ሰው ሁሉ ብድግ ያለበትን።»

ነገሩ ሲገባኝ ጮህኩበት። እሱ የተበላሸ ነው፣ እትዬ ዘነበች ሁለት ራስ አውጥተዋል፣ የኔም አፍ ተከፍቷል፣ በስሜ እንዲህ ያለ ፎቶ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ አውርደው አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አንዳቸውንም አላውቃቸውም» አለ። «የማላውቀው ሰው ሁሉ ለወንበሬ ተነሳልኝ። አንተም እጅህን ዘርግተህ ተቀመጡ ስትል ይታያል። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።»

መስመሩ ጥቂት ተንጫጫ። ወይም እኔ ነበርኩ።

«ብብትህ ሥር ግን ተተርትሯል» አለኝ። «አሜሪካ አወፍራሃለች። እውነተኛ ልክህን ላክልኝ።»

እንግዲህ ሰው ስለዚያ ሠርግ ብዙ ስለሚያወራ ያከናወንኩትን ራሴ ልዘርዝርላችሁ። አንደኛ፣ የተሰማን ልጅ ድሬያለሁ፤ አሁን ልጅ ይዛለች፣ እሱንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ፣ የሌክ ሜሪትን ዝይዎች እንደ ሚዜ አሰልፌ አንስቻለሁ፤ ፎቶው አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ተሰቅሏል። ሦስተኛ፣ ሰይድን ፎቶግራፍ አስተምሬያለሁ። እሱ ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር ምርጡን ፎቶ እኔ ነኝ ያነሳሁት ይላል፤ ጣቱን ብቻ እንደተዋስኩት ለተሳፋሪዎቹ ንገሩልኝ። አራተኛ፣ እትዬ ዘነበችን ለማስቀመጥ ሞክሬያለሁ፤ ይህ ሙከራ ነው፣ ግን ከኔ በፊት የሞከረ የለም። አምስተኛ፣ ለሁሉ ሰው ፎቶ አንስቼ ለራሴ ያልነበረኝ ሰው፣ ዛሬ አራት ኪሎ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ግድግዳ ላይ አፌን ከፍቼ ተሰቅያለሁ። የተሰቀለው ፎቶ ደግሞ የሰይድ አይደለም፤ ዘንጓን የጎተትኩት እኔ ነኝ፣ ጣቱም የራሴ ነው።

ስድስተኛ፣ ልኬን ልኬያለሁ። ትንፋሼን ሳልይዝ።